ስሙን ከአማርኛ የወሰደ ጊንጥ

አንባቢ ሆይ! ሜክሲኮ አደባባይ የታክሲ ሰልፍ ይዘው ሲጠብቁ የቦታው ስም ከወዴት እንደ መጣ አስበው ያውቃሉን? ፋሺስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በያዘች ጊዜ ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዷ ሜክሲኮ ነበረች፤ አደባባዩም የዚያ ውለታ መታሰቢያ ነው። ታዲያ ይህችው አገር በሌላም ነገር ትታወቃለች፤ ከዓለም አገሮች ሁሉ የጊንጥ ዓይነት የበዛባት እርስዋ ናት። ከ280 የሚበልጥ ተቈጥሮባታል።

የእኛስ አገር? «ጊንጥ ጊንጥ ነው፤ ደግሞ ምን ዓይነት አለው!» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2013 ዓ.ም. የአፍሪካን ቀንድ ጊንጦች የሚመረምሩ ሊቃውንት ከሚታወቁት ወገኖች ከአንዱም የማይገጥም አዲስ ወገን ለይተው «ጊንት» ብለው ሰየሙት። ቃሉ የኛው አማርኛ ነው፤ በላቲን ፊደል «ጥ» ስለ ታጣ እንጂ! በ2019 ደግሞ ፓራቡቱስ ከሚባለው ወገን አንዱ በሐመር ሕዝብ ስም ተጠራ።

ይህ ሁሉ ዓይነት ከየት መጣ ቢሉ መልሱ መሬታችን ነው። ከባሕር ወለል በታች ካለው ከዳሎል ተነሥቶ ከ4,500 ሜትር በላይ እስከሚደርሰው እስከ ራስ ዳሸን ድረስ ያለውን ልዩነት ያስቡ። ጊንጥ ክንፍ የለው፤ ሩቅ አይሄድም። ተራራና ሸለቆ የለየው ወገን በየቦታው ብቻውን ሲኖር በብዙ ዘመን ከጎረቤቱ ይለያል።

ምናልባት ነገ ወደ ቈላ ወረዳ የሚዛወሩ ከሆነ ይህን ልብ ይበሉ። መቈንጠጫው ወፍራም፣ ጅራቱ ቀጭን የሆነው ጊንጥ ሲያዩት ያስፈራል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ መርዙ ደካማ ነው፤ የሚበላውን የሚይዘው በጉልበቱ ነውና። መቈንጠጫው ቀጭን፣ ጅራቱ ወፍራም የሆነውን ግን ይሽሹት፤ ፓራቡቱስ ከነዚህ ነው። ጭንቁ በተለይ የሕፃናት ነው፤ አካላቸው ትንሽ ስለ ሆነ ዐዋቂን አሳምሞ የሚተወው መርዝ ልጅን ሊገድል ይችላል። ልጅ የተነደፈ እንደ ሆነ ቊስሉን መብጣት፣ መምጠጥ፣ በገመድ ማሰር ጉዳት ይጨምራል፤ የተነደፈውን አካል ሳያንቀሳቅሱ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው።

ጫማዎንም ሳያራግፉ አያጥልቁ። ሐሰተኛ የብር ኖት የሚለዩበትን ወይን ጠጅ መብራት ቢያገኙ ደግሞ ሌሊት በግቢው ድንጋይ ላይ ያብሩት፤ ጊንጥ ካለ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ይህ ብርሃን ለጊንጡ ለራሱ ምን እንደሚጠቅመው ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ።