ጌጣጌጥን በአሲድ ስለ መቅረጽ

የእጅ ጥበብ የአገር ሀብት ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ አንጥረኛውም ሸማኔውም በሥራው ምክንያት እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. በዐዋጅ መከልከላቸው ይታወሳል። ነገር ግን የሠራተኛው ክብር የሚፈጸመው ስሙ ሲከበር ብቻ ሳይሆን ዓይኑና ሳንባው፣ የሚጠጣውም ውኃ ሲጠበቁለት ነው። ዛሬ የምንናገረው መዳብንና ናስን በአሲድ አስበልቶ ጌጥ ስለ መሥራት ሲሆን፣ ለጤና የሚደረገው ጥንቃቄና ለሥራው ማማር የሚደረገው ጥንቃቄ አንድ መሆኑን ለማስረዳት ነው።

የሥራው መሠረት ቀላል ነው። ጠፍጣፋው መዳብ በሰም ይሸፈናል፤ ሥዕሉ ሰሙ ላይ በመርፌ ይጫራል፤ ከዚያ በኋላ አሲዱ የተገለጠውን ስፍራ ብቻ ይበላል። አውሮፓውያን በዚህ ብልሃት የጦር ልብስ ያስጌጡ ነበር። ቀኑ ተጽፎባቸው ከቀሩት የዚህ ዓይነት የሥዕል ኅትመቶች ቀዳሚ የሆነውን በ1513 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የሠራው ኡርስ ግራፍ፣ ሙያው ወርቅ ሠሪነት ነበር። የእኛም አንጥረኛ ከሰም ጋር የቈየ ወዳጅነት አለው፤ ቅኔያችን «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስም ያገኘው ከእርሱ ሥራ ነው። በዚያ ሥራ ሰሙ ቀልጦ ለወርቁ ቦታ ይለቃል፤ በዚህኛው ግን ሰሙ እስከ መጨረሻው ዘበኛ ሆኖ ይቆማል። ከካፋ ደን ማር የሚቈርጥ የቦንጋ ሰው ሰም አይቸግረውም፤ የቡና ቅጠልና ፍሬም ለሥዕሉ ከደጁ አለለት።

አሁን ወደ ፈሳሹ እንሂድ። ከመኪና ባትሪ የሚቀዳው ሰልፈሪክ አሲድ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሥጋንና ልብስን ያቃጥላል እንጂ መዳብን በደንብ አይበላም። ናይትሪክ አሲድ መዳብንም ብርንም ይበላል፤ ነገር ግን ቡናማ መርዘኛ ጢስ ያወጣል። ጢሱን የሳበ ሰው ለጊዜው ደኅና መስሎት ይውልና ከሰዓታት በኋላ ሳንባው ውኃ ቋጥሮ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ በቤት ለሚሠራ ሰው የሚሻለው ፌሪክ ክሎራይድ ነው። ይህም ከብረትና ከክሎሪን የተገኘ ጨው ሲሆን፣ በውኃ ሲሟሟ አሲድነት ያለው ቡናማ ፈሳሽ ይሆናል። ጠገራ ብርን ግን በዚህ ፈሳሽ ለመቅረጽ መሞከር ከንቱ ነው። ጠገራ ብር ከ1000 እጅ 833ቱ ጥሩ ብር ስለ ሆነ፣ ላዩ ላይ ቅርፊት ያበጅና ፈሳሹን ይከለክላል።

የሥራው ተራ እንደሚከተለው ነው። መዳቡን በሳሙናና በአሸዋ ወረቀት እሹት፤ ውኃ ሲፈስበት ነጠብጣብ ሳይሠራ እኩል ከተነጠፈ ጠርቷል ማለት ነው። ጀርባውንና ጠርዙን ሳትረሱ በሰም ሸፍናችሁ ሥዕሉን ጫሩ። ፈሳሹ ከመቶ 40 እጅ ያህል ፌሪክ ክሎራይድ ያለበት ይሁን፤ ዱቄቱን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውኃው ጨምሩ እንጂ ውኃውን ዱቄቱ ላይ አታፍስሱ፤ ይግላልና። ዕቃው ፕላስቲክ ወይም ብርጭቆ ይሁን። መዳቡን ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ በፕላስቲክ ክር አንጠልጥሉት፤ የተበላው ዝቃጭ ወደ ታች ሲወርድ ሥዕሉ ጥርት ብሎ ይወጣል።

ብዙ ሰው «ትናንት አምሮ ነበር፣ ዛሬ ለምን ተበላሸ?» ይላል። ምክንያቱ ሙቀትና የፈሳሹ ዕድሜ ነው። በቦንጋ ቀዝቃዛ ማለዳ የሚዘገየው ፈሳሽ ከቀትር በኋላ ይፈጥናል፤ ብዙ መዳብ የበላ ፈሳሽም ይደክማል። ስለዚህ ዕቃውን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አስቀምጣችሁ ሙቀቱን 35 ዲግሪ አካባቢ አጽኑት፤ ከ40 አታሳልፉት፤ ሰም 62 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይቀልጣል፣ ከዚያም በፊት ይላላልና። አስቀድማችሁ በቍራጭ መዳብ ሞክሩ፤ ሥራውን በየ15 ደቂቃው እያያችሁ ሙቀቱንና ጊዜውን በደብተር ጻፉ። ጥልቀቱ ከመዳቡ ውፍረት ሲሶ አይለፍ፤ ፈሳሹ ወደ ጐንም ስለሚበላ ቀጭኑ መስመር ይሰፋል።

ደጅ ወይም መስኮቱ በተከፈተ ቤት ሥሩ። የዓይን መከለያ መነጽርና የጎማ ጓንት ሳታደርጉ አትጀምሩ፤ ሕፃናትን አርቁ። ፈሳሹ ዓይን ውስጥ ከገባ ሳትዘገዩ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ አጥባችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። ሥራው ሲያልቅ ጌጡን ቤኪንግ ሶዳ በተጨመረበት ውኃ አርክሱት፤ አለዚያ መብላቱን አያቆምም።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ይከብዳል። ያገለገለው ፈሳሽ መዳብ የተሸከመ ነው፤ መዳብም በጥቂቱ እንኳ ዓሣን ይገድላል። ከቦንጋ አካባቢ ወንዞች ብዙዎቹ ወደ ጎጀብ፣ ጎጀብም ወደ ኦሞ ይገባል። የካፋ ደንም በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የሕይወት ክልል ሆኖ የሰፈረ ነው። ስለዚህ ፈሳሹን ወደ ወንዝም ወደ ጓሮም አትድፉ። አሮጌ ምስማር ጨምራችሁ ጥቂት ቀን ብታቈዩት መዳቡ ቀይ ሆኖ ይወርዳል። ከዚያ በሰፊ ክፍት ዕቃ ሆኖ አረፋው እስኪያቆም ሶዳ ይጨመርበት። ዝቃጩን በፕላስቲክ ዕቃ ከድናችሁ፣ ስሙን ጽፋችሁ አስቀምጡና ስለ ማስወገጃው የከተማውን የጽዳት ኃላፊዎች አማክሩ።

እንግዲህ መለካት፣ መጻፍና መታገሥ ለጌጡም ለገላም ይበጃሉ። መልካም ጌጥ የሚባለው የሠራውን ሰው ሳይጐዳ፣ የጐረቤቱንም ውኃ ሳይመርዝ የተሠራው ነው።