ሰነፍ ዓይን

ሰነፍ ዓይን (በሕክምና ስሙ አምብሊዮፒያ) በልጅነት ጊዜ ዓይን ጥርት ያለ ምስል ወደ አንጎል ሳይልክ በመቆየቱ የሚመጣ የእይታ ድክመት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠቃው አንድ ዓይን ነው። ስሙ ዓይንን ቢወቅስም ችግሩ ያለው አንጎል ውስጥ ነው፤ ዓይኑ ታክሞ ቢድንም፣ በዚያ ዓይን ማየት ያልለመደ አንጎል ምስሉን አጥርቶ አያይም።

መንስኤ

ዋና ዋና መንስኤዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው የዓይን መንሸዋረር ሲሆን ሁለቱ ዓይኖች ወደተለያየ አቅጣጫ ስለሚያዩ አንጎል የአንዱን ምስል ይተወዋል። ሁለተኛው የሁለቱ ዓይኖች የመነጽር ልክ መራራቅ ነው። ሦስተኛውና ከባዱ፣ ምስል ወደ ዓይን እንዳይገባ የሚጋርድ ነገር ነው፤ ለምሳሌ አብሮ የተወለደ የዓይን ሞራ፣ የኮርኒያ ጠባሳ ወይም የዓይን ቆብ መውደቅ።

የጥናት ታሪክ

ዴቪድ ሁበል እና ቶርስተን ዊዝል እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተሙት ጥናት የድመት ግልገሎችን አንድ ዓይን ዘግተው ለወራት አቆዩ። ዓይኑ ሲከፈት በአንጎል የእይታ ክፍል ያሉት ሕዋሳት ከሞላ ጎደል ሁሉም ምላሽ የሚሰጡት ክፍት ለቆየው ዓይን ብቻ ነበር። በአደገች ድመት ላይ ግን ይህ ለውጥ አልታየም። ሁለቱም ዓይኖች ሲዘጉ ጉዳቱ ከተጠበቀው በታች በመሆኑ፣ ሁለቱ ዓይኖች በአንጎል ውስጥ ቦታ እንደሚሻሙ ታወቀ። አንጎል በዚህ መልኩ የሚቀረጽበት የልጅነት ዘመን ወሳኝ ወቅት ይባላል። ሁለቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1981 ከሮጀር ስፔሪ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ሕክምናና የማገገም ዕድል

በመጀመሪያ ምስሉን የጋረደው ነገር ይወገዳል፣ መነጽርም ይታዘዛል። ከዚያ ደህናው ዓይን በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት ይሸፈናል፤ በአትሮፒን ጠብታ ማደብዘዝም ይቻላል። ሽፋን ሲበዛ ደህናውን ዓይን ሊጎዳ ስለሚችል በባለሙያ ክትትል ይደረጋል። አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት፣ መካከለኛ ድክመት ላለባቸው ከ7 ዓመት በታች ልጆች በቀን 2 ሰዓት መሸፈን ከ6 ሰዓት ጋር ተመጣጣኝ ውጤት እንዳለው አሳይቷል።

አንድ ዓይን ላይ አብሮ የተወለደ ሞራ ግን እስከ 6ኛው ሳምንት ገደማ ቢወገድ ይመረጣል። ከ7 ወይም ከ8 ዓመት በኋላ ሕክምና አይጠቅምም የሚለው የቀድሞ አስተያየት ተሻሽሏል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት ከታከሙት የ7–12 ዓመት ልጆች 53 በመቶው፣ ቀድሞ ካልታከሙት የ13–17 ዓመት ልጆች ደግሞ 47 በመቶው እንደተሻላቸው አሳይቷል፤ ሆኖም አብዛኞቹ ሙሉ እይታ አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የደህናውን ዓይን ሬቲና ለጊዜው ጸጥ ማሰኘት ወሳኙ ወቅት ያለፈባቸውን አይጦችና ድመቶች እይታ እንደሚመልስ ተዘግቧል።

በኢትዮጵያና በአዊ ዞን

እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት የዓይነ ስውርነት ስርጭት 1.6 በመቶ፣ የእይታ መቀነስ 3.7 በመቶ መሆኑን፣ ቀዳሚው መንስኤም የዓይን ሞራ እንደሆነ አመልክቷል። ዓይነ ስውርነት የሚለካው በተሻለው ዓይን ስለሆነ፣ በአንድ ዓይኑ ብቻ የማያይ ልጅ እዚህ ቁጥር ውስጥ አይገባም። በቤትም ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል፤ በደህናው ዓይኑ እያየ ይሮጣል፣ ከብት ይጠብቃል፣ ይማራል።

ኢንጅባራ እና ዳንግላ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛሉ። የሕፃናት የዓይን ቀዶ ሕክምና ልዩ ባለሙያና ሙሉ ማደንዘዣ ስለሚፈልግ በአገሪቱ የሚሰጠው በጥቂት ትልልቅ ሆስፒታሎች ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እና አዲስ አበባ የሚገኘው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምናና ሥልጠና ይታወቃሉ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መነጽርና የወራት ክትትል ስለሚያስፈልግ፣ ለገጠር ቤተሰብ አንድ ጉዞ ብቻ አይበቃም።

ምርመራው ግን ቀላል ነው፤ እያንዳንዱን ዓይን በየተራ ሸፍኖ ማየት ይቻላል። ሕፃን ልጅ አንዱ ዓይኑ ሲሸፈን ብቻ የሚያለቅስ ከሆነ፣ ብሌኑ ውስጥ ነጭ ነገር ከታየ ወይም ዓይኑ ከተንሸዋረረ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። ትልልቅ ልጆች ወደ አራት አቅጣጫ በሚዞር አንድ ፊደል ይመረመራሉ። ልጁ የፊደሉን አቅጣጫ በእጁ ስለሚያሳይ፣ አገውኛም ሆነ አማርኛ ቢናገር፣ ማንበብ ባይችልም እይታው ይለካል።