ልጃችሁ ተመርቋል፤ ጠበቃ ግን ገና አልሆነም

ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ ተነሥቶ ሕግ ሊማር የሄደ ልጅ አላችሁ? ወይስ የትዳር ጓደኛችሁ የሕግ ምሩቅ ነው? በሬ ሸጦ ያስተማረ ቤተሰብ ጥቁሩን ካባ ባየ ዕለት «ተገላገልን» ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ግን ለብዙ ቤት ያልታሰበ ፈተና ይዞ ይመጣል። ዛሬ ስለዚህ ጊዜ እንነጋገር።

ዲግሪ ፈቃድ አይደለም

የሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ አምስት ዓመት ይፈጃል። ወደ መጨረሻው ተማሪው ፍርድ ቤት፣ ዐቃቤ ሕግ ወይም ጠበቃ ዘንድ ተመድቦ ይለማመዳል፤ የመውጫ ፈተናም ይወስዳል። በራሱ ስም ጥብቅና ለመቆም ግን የሥራ ልምድና ፈቃድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ አንዳንዱ በጠበቃ ቢሮ በረዳትነት ይቀመጣል። ቀድሞ ጠበቆች የሚሠሩት በየግል ፈቃዳቸው ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 1249 ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቀደ። ከነፋስ መውጫ ወይም ከወገዳ ለተነሣ ወጣት ግን እንዲህ ያለው ቢሮ ከቤቱ ሩቅ ነው።

ቀኑ በምን ያልፋል?

ጠዋት መዝገብ ቤት ይሰለፋል፤ መዝገብ ያስገለብጣል፤ ቀጠሮ ይይዛል። ከሰዓት በኋላ ክስና መልስ ያረቅቃል። ያረቀቀውን አለቃው በቀይ ሰርዞ ይመልስለታል፤ እንደገና ይጽፋል። ችሎት ፊት የሚናገረው አለቃው ነው፤ እርሱ ፋይል ይዞ ከኋላ ይቀመጣል።

ሥራው ትንሽ ይመስላል፤ አይደለም። በገጠራችን ከሚበዙት ክርክሮች አንዱ የመሬት ነው። አንዲት መበለት የይዞታ ደብተሯን በነጠላዋ ቋጥራ ከእስቴ መጣች እንበል። ወረዳ ፍርድ ቤት ተረትታለች፤ ይግባኟ ደብረ ታቦር ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ለይግባኝ የሚሰጠው 60 ቀን ነው። ተለማማጁ ቀኑን አሳስቶ ቢቆጥር ሴትዮዋ የምትኖርበትን እርሻ ልታጣ ትችላለች። ጊዜው ያለፈበት ሰው በቂ ምክንያት ካለው ማስፈቀድ ይችላል፤ ምክንያቱን ማስረዳት ግን የእርሱ ዕዳ ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት መንገድ ሲዘጋና የፍርድ ቤቶችን ሥራ ሲያስተጓጉል ይህ ጭንቀት በረታ።

ለባልና ለሚስት

1. ስለ ገንዘብ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የተለማማጅ ክፍያ ትንሽ ነው። ስንት ወር በማን ደመወዝ እንደምትኖሩ ወረቀት ላይ ጻፉት። በወሩ መጨረሻ ከሚነሣ ኩርፊያ የመጀመሪያው ቀን ውይይት ይሻላል።

2. ምስጢር አታውጣጡ። ጠበቃና ረዳቱ የደንበኛን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው። እንደ መካነ ኢየሱስ ባለ ከተማ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። «ዛሬ ማን መጣ?» የሚለው ጥያቄ እራት ላይ ቀላል ይመስላል፤ ነገ ግን የሰው ትዳር ወሬ ይሆናል። እኛ አማኞች ደግሞ የጸሎት ርእስ እያልን ስም እንዳናወጣ እንጠንቀቅ።

3. ወደ ጉቦ አትግፉ። መዝገብ እንዲፈጥን «ትንሽ ጣል አድርግ» የሚል ሰው አይጠፋም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሁላችን እናውቀዋለን። ቤት ውስጥ «እገሌ እኮ አብሮህ ተመርቆ ቤት ሠራ» ስንል ግን እጁን ወደዚያ የምንገፋው እኛ ነን።

ለቤተ ክርስቲያን

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ አንድ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ለአቅመ ደካሞች በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ደነገገ። ይህ ለመበለቲቱና ለወላጅ አልባው ነው። መክፈል የምንችል ግን ተለማማጁን ወንድማችንን ማመልከቻ በነጻ እያስጻፍን አናድክመው። ጳውሎስ ሕግ አዋቂው ዜናስ በጉዞው ምንም እንዳይጎድልበት ለቲቶ አደራ ብሎት ነበር (ቲቶ 3፥13)።

የተወደዳችሁ፣ ይህ ጊዜ ያልፋል። ፈቃዱን ሲይዝ ግን በልምምዱ ዘመን የለመደውን ሰው ሆኖ ይቆማል። ታማኝነትን እንዲለምድ ቤቱ ይርዳው። ዛሬ ማታ የቤት ኪራዩን፣ የትራንስፖርቱንና የአስቤዛውን ሒሳብ አብራችሁ ሥሩ፤ ከዚያም ስለ ሥራው አብራችሁ ጸልዩ።