ቀይ ስንት ሥራ አለው?

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ካሉት ሱቆች አንዱ መድኃኒት ቤት ነው እንበል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በመስታወቱ አልፋ ባንኮኒው ላይ ታርፋለች፤ ኮምፒውተሩም ያለው እዚያው ነው። ፋርማሲስቷ የስቶክ ፕሮግራሟን ከፍታለች። የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበ መድኃኒት በቀይ ተጽፏል። ያለቀውም በቀይ ነው። «ሽያጩን መዝግብ» የሚለው በተን ቀይ ነው፤ የመድኃኒት ቤቱ ሎጎ ቀይ ስለሆነ የመስኮቱ ራስጌም ቀይ ተቀብቷል። ፊቷ ሰው ተሰልፏል። «ይህን እንዳትሸጪ» የሚላት የትኛው ቀይ ነው?

ስለ ሶፍትዌር ቀለም ማውራት የምወደው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ቀለም አንድ ሥራ ከተሰጠው ዓይን ሳያነብ ይረዳል። አራት ሥራ ከተጫነበት ግን አንዱንም አይሠራም።

ይህን ቁም ጸሐፊዎቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። አንድ የብራና መጽሐፍ ገልጣችሁ ጽሑፉን ብቻ ተመልከቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት ሁለት ቀለም ነው። ጥቁሩ ንባቡን ይሸከማል። ቀዩ መጽሐፉ ወይም ክፍሉ በሚጀምርበት መስመር ላይ ይመጣል፤ በእመቤታችንና በቅዱሳን ስም ላይ ይመጣል፤ በሥርዓተ ነጥቦቹ ላይም ጠብ ጠብ ይላል። አንባቢው ገጹን ሲገልጥ የት እንደሚጀምርና የት ቀና ማለት እንዳለበት ወዲያው ያያል። ቀዩ ይህን ያህል ጉልበት ያገኘው ጥቂት ስለሆነ፣ ደግሞም ቦታውን ስለማይለቅ ነው። ዛሬ ለዴስክቶፕ ፕሮግራም ቀለም የሚመርጥ ሰው ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የሚያገኝ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ቁጥር እንግባ፤ እዚህ ጋ ነገሩ በጣም ደስ ይላል። ጽሑፍ የሚነበበው በራሱና በመደቡ መካከል ባለው የብርሃን ልዩነት ነው። ልዩነቱ ይለካል። ጥቁር በነጭ ላይ 21 ለ 1 ነው፤ ከዚያ በላይ የለም። የድርን ደረጃዎች የሚያወጣው ደብልዩ ስሪ ሲ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመው የተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ ለትልልቅ ጽሑፍ 3 ለ 1 ይጠይቃል። ጠበቅ ያለው ደረጃ 7 ለ 1 ነው። መመሪያው ለድረ ገጽ ቢጻፍም የዴስክቶፕ ሶፍትዌር ሠሪዎችም በዚሁ ይለካሉ።

እስቲ ብዙዎቻችን ለፕሮግራም ቀለም ምረጡ ስንባል መጀመሪያ የሚመጡልንን ሦስቱን፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይን፣ እንለካቸው። የኮምፒውተሩን ጥርት ያለ ቢጫ ነጭ ላይ ብትጽፉት 1.07 ለ 1 ነው፤ የለም ማለት ይቻላል። ጥርት ያለው አረንጓዴ 1.37 ነው። ቀዩ 4 ላይ ይቆማል። ሦስቱም ወደቁ! ሰማያዊው ግን 8.59 አምጥቶ በቀላሉ ያልፋል። ምክንያቱ ዓይናችን ውስጥ ነው። በመለኪያው ቀመር፣ ስክሪን ነጭ ሲያበራ ከምናየው ብርሃን 72 በመቶ ገደማ ከአረንጓዴው፣ 21 በመቶ ገደማ ከቀዩ፣ 7 በመቶ ገደማ ብቻ ከሰማያዊው ይመጣል። አረንጓዴና ቢጫ በጣም ብሩህ ስለሆኑ ነጭ ላይ ይጠፋሉ፤ ሰማያዊው ጨለም ያለ ስለሆነ ይታያል።

ታዲያ ሦስቱን ቀለሞቻችንን እንተው ማለት ነው? በፍጹም። አረንጓዴውን ከሙሉ ኃይሉ፣ ከ255፣ ወደ 128 ብታወርዱት 5.1 ይሆናል። ቀዩን ወደ 192 ብታወርዱት 6.5 ገደማ ይደርሳል። ቢጫው ደግሞ ፊደል መሆኑን ትቶ መደብ ይሁን፤ ጥቁር ጽሑፍ ቢጫ ላይ ሲያርፍ 19.6 ለ 1 ነው፤ እጅግ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ይወጣዋል።

ለእኛ ፊደል ግን 4.5 ይበቃል ብዬ አላምንም። «ቢ»ን እና «ቤ»ን ጎን ለጎን አስቀምጡና ቀረብ ብላችሁ እዩ። ልዩነታቸው እግራቸው ሥር ያለች ነገር ናት፤ የአንዱ ሰረዝ፣ የሌላው ቀለበት። ፊደሉ ትንሽ ሲሆን ያቺ ቀለበት ጥቂት ፒክስል ብቻ ትሆናለች። ኮምፒውተሩ ቀጫጭን መስመሮችን ለማለስለስ የፊደሉን ቀለም ከመደቡ ጋር ያደባልቃል፤ ስለዚህ ጠርዝ ላይ የምናየው ቀለም ከመረጥነው ይልቅ የፈዘዘ ነው። ነጭ ላይ ለማስታወሻ የሚመረጠው ግራጫ፣ ማለትም ቀይ 153፣ አረንጓዴ 153፣ ሰማያዊ 153 የሆነው፣ ከጅምሩ 2.85 ነው፤ በዚህ ላይ ሲለሰልስ ቀለበቷ ትሞላና «ቤ» እና «ቢ» መንታ ይሆናሉ። ሦስቱንም ወደ 89 አውርዱት፤ 7 ለ 1 ታገኛላችሁ። ፎንቱም ይረዳል። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ ቀጭንና ወፍራም ሰረዝ የሚፈራረቅበት መልከ መልካም ፊደል ነው፤ በትንሽ መጠን ለሚታይ ሠንጠረዥ ግን ሰረዙ እኩል የሆነው ኤብሪማ ይሻላል።

ዳርክ ሞድስ? ለብዙ ወጣት ፕሮግራመር ጥቁር መደብ የሙያው ዩኒፎርም ሆኗል፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይመቻልም። ባትሪ ይቆጥባል የሚለው ግን ፒክስሎቹ ራሳቸው በሚያበሩበት የኦሌድ ስክሪን ላይ ነው እውነት የሚሆነው። በተለመደው ኤልሲዲ ሞኒተር ከጀርባ ያለው መብራት ገጹ ጥቁር ቢሆንም ይበራል። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፓችሁን ማቆየት ከፈለጋችሁ ብራይትነስ ቀንሱ። ፀሐይ በሚመታው ባንኮኒ ላይ ደግሞ ጥቁር ገጽ መስታወት ይሆናል፤ ፋርማሲስቷ ከመድኃኒቱ ዝርዝር ይልቅ የራሷን መልክና የመንገዱን ነጸብራቅ ታያለች። ለሱቅ ፕሮግራም መነሻው ፈካ ያለ መደብ ይሁን፤ ዳርክ ሞድ ለፈለገው ይኑር፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ፕሮግራሙ ሰውዬው ዊንዶውሱ ላይ የመረጠውን ተከትሎ ቢከፈት ነው።

አሁን ወደ ቀይና አረንጓዴያችን እንመለስ፤ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ያስተካከልናቸው ቀይ 192 እና አረንጓዴ 128 ነጭ ላይ ሁለቱም ይነበባሉ፤ የእርስ በርሳቸው የብርሃን ልዩነት ግን 1.26 ለ 1 ብቻ ነው። ቢሮዎቻችን ውስጥ ያለው ፕሪንተር አብዛኛውን ጊዜ ጥቁርና ነጭ ነው። ሪፖርቱ ሲታተም «አለ» ያለው አረንጓዴና «አደጋ» ያለው ቀይ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ይወጣሉ። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸገሩ ሰዎችም አሉ፤ በዘር የሚተላለፍ ነው፤ ተሸካሚው ኤክስ ክሮሞዞም ስለሆነ በብዛት የሚታየው በወንዶች ላይ ነው። ስለዚህ ቀለም ብቻውን መልእክት አይያዝ። ከቀዩ አጠገብ «ጊዜው ሊያልፍ ነው»፣ ከቢጫው ላይ «ሊያልቅ ነው» ብላችሁ ጻፉ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርም ሁለቱን መስመሮቹን አረንጓዴና ሰማያዊ ማለቱን እወድለታለሁ፤ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው አረንጓዴው ነው። ሁለቱ ቀለሞች ለአብዛኛው ዓይን በደንብ ይለያሉ።

ሥርዓቱ እንዳይፈርስ አንድ የአሠራር ምክር ልጨምር። ኮዱ ውስጥ በየመስኮቱ የቀለም ቁጥር አትበትኑ። ሁሉንም አንድ ፋይል ላይ ሰብስቡና በሥራቸው ጥሯቸው፤ «የጽሑፍ»፣ «የመደብ»፣ «የዋና በተን»፣ «የማስጠንቀቂያ»፣ «የአደጋ» እያላችሁ። ነገ ደንበኛው ሎጎውን ሲቀይር የምትነኩት አንድ መስመር ነው፤ «የአደጋ» የተባለው ቀለም ግን በሎጎው ምክንያት ንክች አይልም። ለአንድ የስቶክ ፕሮግራም ከስድስት ወይም ከሰባት በላይ ስም ካስፈለጋችሁ፣ ምናልባት ከቀለሙ በፊት ገጹ ራሱ ማቅለል ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ ለመሞከር ምንም መግዛት አያስፈልግም። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ላይ ሴቲንግ ውስጥ «ከለር ፊልተርስ» የሚለውን ፈልጉና የአቋራጭ ቁልፉን ፍቀዱ። ከዚያ ዊንዶውስ፣ ኮንትሮልና ሲን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ስክሪኑ በሙሉ ግራጫ ይሆናል። የምትሠሩበትን ፕሮግራም በዚያ ግራጫ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ተጠቀሙበት። ሠሪዎቹ እናንተ ከሆናችሁ፣ ይህን ሳታደርጉ ለደንበኛ አታስረክቡ። ተጠቃሚ ከሆናችሁ ደግሞ የጠፋባችሁን ጽሑፍ በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ለሠራላችሁ ሰው ላኩለት።