የውሃ ፓምፕን ጤንነት የሚናገረው የግፊት መሣሪያ

የገጠር ውሃ ፓምፕ ሲበላሽ ጉዳቱ በሞተሩ ብቻ አይወሰንም። እናቶችና ልጃገረዶች እንስራቸውን አዝለው ወደ ሩቁ ምንጭ ይመለሳሉ፤ ከብቱ ይጠማል፤ በመስኖ የለማው አትክልት ይጠወልጋል። አባላት በመዋጮ ያጠራቀሙት ገንዘብም ለጥገና ይውላል። ይሁን እንጂ የቧንቧ መሰበርም ሆነ መደፈን አስቀድሞ በውሃው ግፊት ላይ ምልክት ያሳያል። ይህን ምልክት የሚያነበው መሣሪያ የግፊት አስተላላፊ ወይም በባለሙያዎች አጠራር ፕሬዠር ትራንስሚተር ይባላል።

መሣሪያው ግፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ለውጦ በሁለት ሽቦ ወደ መቆጣጠሪያው ሳጥን ይልካል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በ24 ቮልት ዲሲ ሲሆን ምልክቱም ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፒር ነው። ከ0 እስከ 10 ባር በሚለካው ዓይነት 4 ማለት ግፊት የለም፣ 12 ማለት 5 ባር፣ 20 ማለት 10 ባር ነው። ምልክቱ ከዜሮ ያልጀመረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሽቦ ሲበጠስ ንባቡ 0 ስለሚሆን የግፊት ማጣትና የሽቦ መቆረጥ ተለይተው ይታወቃሉ።

ተከላው ከመጀመሩ በፊት ፓምፑ መቆም፣ ኤሌክትሪኩ መቋረጥ፣ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊትም መለቀቅ አለበት። በአግድም በተዘረጋ ቧንቧ ላይ መሣሪያው በጎን በኩል ይተከላል። ከላይ አየር፣ ከታች ደግሞ ደለል ይጠራቀማልና። በቧንቧውና በመሣሪያው መካከል መዝጊያ ቫልቭ ከገባ ወደፊት ውሃውን ሳያቋርጡ መሣሪያውን መፍታት ይቻላል። ሲጠብቅም መፍቻው የሚይዘው ባለ ስድስት ማዕዘኑን ብረት እንጂ የመሣሪያውን አካል መሆን የለበትም። ቫልቩ የሚከፈተው በዝግታ ነው።

ሽቦው ሲገጠም ከኃይል ምንጩ ፖዘቲቭ የተነሣው ወደ መሣሪያው ፖዘቲቭ ይገባል። ከመሣሪያው ኔጌቲቭ የሚወጣው በመቆጣጠሪያው ሳጥን ንባብ ውስጥ አልፎ ወደ ኃይል ምንጩ ኔጌቲቭ ይመለሳል። የምልክቱ ኬብል ከሞተሩ ኬብል ጋር በአንድ ቱቦ መታጨቅ የለበትም። የኬብሉ የብረት ሽፋን ከመሬት ጋር የሚያያዘው በሳጥኑ በኩል፣ በአንድ ጫፍ ብቻ ነው። ዝናብ ኬብሉን ተከትሎ እንዳይገባም ኬብሉ ከመግቢያው በታች ትንሽ ረገብ ብሎ እንዲወጣ ይደረጋል።

በደጋ አካባቢ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በባሕር ጠለል የአየር ግፊት 1 ባር ያህል ሲሆን 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ወደ 0.76 ባር ይወርዳል። በባሕር ጠለል ተስተካክሎ የታሸገ መሣሪያ ደጋ ሲደርስ የ0.25 ባር ያህል፣ ማለትም የ2.5 ሜትር ውሃ ስሕተት ያሳያል። ስለሆነም በተተከለበት ቦታ፣ ግፊት በሌለበት ሰዓት ዜሮው መስተካከል ይኖርበታል።

የተከላውን ትክክለኛነት የማኅበሩ መሪዎችም ሊያረጋግጡ ይችላሉ። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ 1 ባር ያህል ግፊት አለው። ማጠራቀሚያው ከመሣሪያው 30 ሜትር ከፍ ብሎ ከተሠራ፣ ፓምፑ ቆሞ ቧንቧው እስከ ማጠራቀሚያው በውሃ እንደተሞላ ንባቡ 3 ባር ወይም 8.8 ሚሊ አምፒር ገደማ መሆን አለበት። ፓምፑ እየሠራ ግፊቱ ከወትሮው በጣም ከወረደ ቧንቧ መሰበሩን፣ በጣም ከጨመረ ደግሞ ቫልቭ መዘጋቱን ወይም መስመሩ መደፈኑን መጠርጠር ይገባል። ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭ ከመሣሪያው በፊት ካለ ግን፣ ጉድጓዱ ቢደርቅም በመስመሩ የቀረው ውሃ ግፊቱን ሊያቆየው ይችላል። ለዚህ የጉድጓዱን ውሃ ከፍታ የሚለካ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል።

መሣሪያው መተከሉ ብቻውን ሞተሩን አያድንም። የፓምፑ ጠባቂ ንባቡን በየዕለቱ በመዝገብ ማስፈር፣ መሪዎችም መዝገቡን በስብሰባ ላይ መመልከት ይጠበቅባቸዋል። በመዝገቡ ላይ የታየ የአንድ ባር ለውጥ ዛሬ ከተመረመረ፣ ነገ አዲስ ሞተር ለመግዛት ሌላ መዋጮ መጠየቅ ላያስፈልግ ይችላል።