አሮጌዋ ሞተር ቢስክሌትና የአንድ ቀን ምስክርዋ

አሮጌ ሞተር ቢስክሌት የሚገዛ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀው «ምርመራውን አልፋለችን?» ብሎ ነው። ሻጩ ወረቀቱን ያሳያል፤ ገዢውም ቀኑን አይቶ ልቡ ያርፋል፥ ገንዘቡንም ቆጥሮ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ በዚያች ሞተር ቢስክሌት ላይ የሚቀመጠው እርሱ ብቻ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ባለቤቱ ወይም ልጁ ከኋላው ይሆናሉ። ስለዚህ ያ ወረቀት በእውነት የሚመሰክረው ምን እንደ ሆነ፥ የማይመሰክረውም ምን እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ለማንኛውም ቤተ ሰብ ይጠቅማል ብለን በማሰብ ይህን ጽሑፍ ለአንባቢዎቻችን አቅርበናል።

ለነገሩ ምሳሌ አድርገን የምንወስደው የብሪታንያን አገር ነው። በዚያ አገር ዓመታዊው ምርመራ ረጅም ዕድሜ ያለው ከመሆኑም በላይ፥ የእያንዳንዱ ተሽከርካሪ የምርመራ ውጤት ለሕዝብ ግልጽ ሆኖ ይገኛል። ከሞተር ቢስክሌቶችም መካከል የመረጥነው ሆንዳ ሱፐር ከብ የምትባለውን፥ በተለይም ሲ 90 የተባለውን ዓይነት ነው።

ሱፐር ከብ በጃፓን አገር ለገበያ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ሥራዋን ያቀዱት መሐንዲሱ ሶይቺሮ ሆንዳና የንግድ ባልደረባው ታኬዎ ፉጂሳዋ ናቸው። እንደሚነገረው፥ ምግብ እያዞረ የሚያደርስ ሠራተኛ በአንድ እጁ ትሪ ይዞ በሌላው እጁ እንዲነዳት ታስባ የተሠራች ናት። ስለዚህም በግራ እጅ የሚጨበጥ የፍሪሲዮን ዘንግ የላትም፤ ፍሪሲዮንዋ በሞተሩ ፍጥነት ራሱ ይይዛል፥ ራሱም ይለቃል። ካቴናዋ በሽፋን ውስጥ ተዘግቶ ይሽከረከራል፤ የእግር መከለያዋም ጭቃና ዝናብ ይመልሳል። ክብደቷ ከ100 ኪሎ በታች ሲሆን የሲ 90 ሞተር ወደ 90 ሲሲ ገደማ ነው። በ2017 የሱፐር ከብ ዘር ጠቅላላ ምርት 100 ሚሊዮን ደርሷል። በለንደን ከተማም ታክሲ ነጂ ለመሆን የሚማሩ ሰዎች የከተማይቱን መንገዶች በቃላቸው ለማጥናት ሲዞሩ ብዙዎቹ ይነዱ የነበረው ይህችኑ ሲ 90 ነው።

የብሪታንያ ምርመራ የተጀመረው በ1960 ነበር። በዚያን ጊዜ ይመረመሩ የነበሩት ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ነበሩ። በ1967 ግን የዕድሜው ወሰን ወደ ሦስት ዓመት ዝቅ ተደረገ። ከሦስት ዓመት በላይ የሆነው ተሽከርካሪ በየዓመቱ ፈቃድ ካለው መርማሪ ዘንድ ይቀርባል። ሞተር ቢስክሌት ሲቀርብ መርማሪው መብራቱን፥ ፍሬቻውንና ክላክሱን ይሞክራል፤ መሪው ያለ መላወስና ያለ መያዝ መዞሩን ያያል፤ የኩሽኔታዎቹን መላላት በእጁ ነቅንቆ ይፈትናል፤ ሞላውን፥ ቸርኬውን፥ ራጂውንና የጢስ መውጫውን ይመለከታል። ሞተርዋ ከ50 ሲሲ በላይ ከሆነች የጎማው ጥርስ ጥልቀት፥ ከወርዱ በሦስት አራተኛው ላይ፥ ከ1 ሚሊሜትር ማነስ የለበትም። ፍሬኖቹም በኃይላቸው ይመዘናሉ፤ አንደኛው ቢያንስ 30 ከመቶ፥ ሁለተኛው ቢያንስ 25 ከመቶ ማሳየት አለባቸው።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን መርማሪው ምንም ዕቃ አይፈታም። ሞተሩ፥ ፍሪሲዮኑና የማርሽ ሣጥኑ በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ መመርመር የሥራው ክፍል አይደለም። በሲ 90 ላይ ደግሞ የተሰወረው ነገር ብዙ ነው። የፍሬኑ ሸራ በታምቡሩ ውስጥ ስለ ሆነ ምን ያህል እንዳለቀ በቀጥታ አይታይም፤ ዛሬ በሚገባ የያዘ ፍሬን ሸራው ሳስቶ ከጥቂት ወር በኋላ ሊደክም ይችላል። ካቴናውን ከአቧራ የሚጠብቀው ሽፋን ካቴናውን ከባለቤቱ ዐይንም ይሰውረዋል። ሻንሲዋ ከቀጭን የብረት ሉሕ ተጨፍልቆ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ውሃና የክረምት የመንገድ ጨው ከታች በኩል ገብተው ከውስጥ ወደ ውጭ ያዝጉታል። ቀለሙ እያበራ ብረቱ ሊበላ ይችላል ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ቁጥሮቹ እንመለስ። አንዳንድ ሰዎች የምርመራውን ውጤት ሰብስበው «ይህች አሮጌ ሞተር ቢስክሌት ከአዲሶቹ ይልቅ በብዛት ታልፋለች፤ ስለዚህ ጽኑ ናት» ይላሉ። አባባሉ እውነት ያለበት ይመስላል፤ ዕቃዋ ጥቂት የሆነ ተሽከርካሪ የሚጎድልባትም ጥቂት ነውና። የራዲያተር ውሃ የላትም፤ የፍሬን ዘይትም የላትም። ሆኖም ቁጥሩን በሦስት ምክንያት በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል።

አንደኛ፥ ወደ ምርመራ የምትቀርበው የተረፈችው ብቻ ናት። ዝገት የበላት፥ ባለቤቷ የጣላት ወይም ለመለዋወጫ የተፈታች በመዝገቡ ውስጥ አትቆጠርም። ሁለተኛ፥ ከዕድሜ የተረፈችው ብዙውን ጊዜ በሚወዳት ሰው እጅ ናት፤ እርሱም ከምርመራው በፊት አምፖሉን ይለውጣል፥ ፍሬኑን ያጠብቃል፥ ጎማዋንም ይነፋል። እንዲህ ከሆነ ቁጥሩ የሚያመሰግነው ሞተሯን ብቻ ሳይሆን ጠባቂዋንም ነው። ሦስተኛ፥ ብዙዎቹ በዓመት የሚጓዙት መንገድ አጭር ነው። ጥቂት የሄደች ሞተር ቢስክሌት በየቀኑ ለሥራ ከምትሮጠው ጋር በአንድ ሚዛን ልትመዘን አይገባም።

ይሁን እንጂ ከአጠቃላዩ ቁጥር ይልቅ ለገዢ የሚጠቅም ሌላ መዝገብ አለ። በእንግላንድ፥ በስኮትላንድና በዌልስ ማንም ሰው የሰሌዳውን ቁጥር በማስገባት ከ2005 ወዲህ ያለውን የምርመራ ታሪክ ያለ ክፍያ ሊያነብ ይችላል። በዚያም ውስጥ ማለፏና መውደቋ ብቻ ሳይሆን የተጓዘችው ርቀትና መርማሪው የሰጠው ምክር ተጽፎ ይገኛል። ብልህ ገዢ የመጨረሻውን ወረቀት ብቻ አይቶ አይመለስም፤ ዓመታቱን አንድ በአንድ ያነባል። «የኋላ ጎማ ሊያልቅ ተቃርቧል» የሚለው ምክር በተከታታይ ሁለት ዓመት ከተጻፈ፥ ባለቤቱ ምክር የማይሰማ መሆኑን ያስረዳል። ስለ ሻንሲ ዝገት አንድ ጊዜ ተጽፎ በሚቀጥለው ዓመት ከጠፋ፥ «ማን ጠገነው? እንዴትስ ተጠገነ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የተጓዘችው ርቀት ወደ ኋላ የተመለሰ እንደ ሆነ ደግሞ ሳይገዙ መመለስ ይሻላል።

በ2018 በወጣው ደንብ መሠረት ከ40 ዓመት በላይ የሆናቸውና ከመሠረታዊ ቅርጻቸው ብዙ ያልተለወጡ ተሽከርካሪዎች በዚያ አገር ከዓመታዊው ምርመራ ነጻ ሆነዋል። ስለዚህ የብዙ አሮጌ ሲ 90 ባለቤቶች ያለ ወረቀት መንዳት ተፈቅዶላቸዋል። ከኃላፊነት ግን ነጻ አልወጡም፤ አደገኛ ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ የነዳ ሰው፥ ወረቀት ቢኖረውም ባይኖረውም፥ በሕግ ይጠየቃል። መንግሥት መመርመሩን ሲተው ባለቤቱ ራሱ መርማሪ መሆን አለበት ማለት ነው።

ይህም ከባድ ሥራ አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን ሩብ ሰዓት ይበቃል። የጎማውን አየርና ጥርስ መመልከት፤ የፊትና የኋላ መብራት፥ በተለይም ፍሬን ሲያዝ የሚበራው፥ መሥራቱን ማየት፤ የሞተሩን ዘይት መለካት፤ በካቴናው ሽፋን ላይ ያለውን የጎማ ክዳን አንሥቶ የካቴናውን መላላት በጣት መፈተን፤ የፍሬን ዘንጉ ከወትሮው ይልቅ ርቆ የሚሄድ ከሆነ የፍሬኑን ሸራ ማስፈተሽ፤ ከሻንሲው በታች ያለውን ጭቃ አጥቦ ብረቱን መመልከት። ልጅ ያለው ሰው ልጁን አጠገቡ አቁሞ ይህን ቢያደርግ፥ ልጁ ወደ ፊት የራሱን ሞተር ቢስክሌት ሲይዝ ያንኑ ልማድ ይዞ ይወጣል።

የምርመራው ወረቀት ሞተር ቢስክሌቷ በአንድ ቀን፥ በአንድ ሰዓት፥ በአንድ መርማሪ ፊት ምን ትመስል እንደ ነበረ ይመሰክራል። ምስክርነቱ እውነተኛና ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ስለ ነገው ቀን ዋስ አይሆንም። የቀሩት ሦስት መቶ ስድሳ አራት ቀናት በባለቤቱ እጅ ናቸው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉትም ለእንዲህ ያለው ነገር ነውና፥ የላላውን በጊዜ ማጥበቅ፥ ያለቀውንም በጊዜ መለወጥ ከቁስልም ከወጪም ያድናል።