ስለ ዶሮዪቱና ስለ ቀበሮው፤ ለሕፃናት የሚነበብ የሥዕል መጽሐፍ

«ላይ»ና «ሥር»፣ «ወዲህ»ና «ወዲያ» የሚሉትን ቃላት ለሕፃን ማስተማር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የጐለመሱ ሰዎች «ከወንዙ ወዲህ ነው፤ የለም ወዲያ ነው» እየተባባሉ ስለ መሬት ወሰን ሲከራከሩ በችሎት ብዙ ጊዜ ጽፈናል።

እንግሊዛዊቱ ፓት ሀቺንስ በፈረንጆች ቍጥር በ1968 ዓመት ስለ ሮዚ ዶሮ ያሳተመችው የሥዕል መጽሐፍ ለዚህ ትምህርት እጅግ የተመቸ ነው። ቃሉ በሙሉ 32 ብቻ ነው፤ ይኸውም አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ዶሮዪቱ ኩሬውን ዞራ፣ በድርቆሹ ክምር ላይ ወጥታ ወርዳ፣ በአጥሩ መካከል ሾልካ፣ በንብ ቀፎዎቹ ሥር አልፋ ለራቷ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ቀበሮ ከኋላዋ ይከተላታል፤ ጽሑፉ ግን ስለ ቀበሮው አንዳች አይናገርም። ከኩሬው ሲገባ፣ ዱቄት ሲወርድበት፣ ንብ ሲያሳድደው በሥዕሉ የሚያየው ሕፃኑ ነው።

ስለዚህ የሚያነብለት ሰው ቸኵሎ «ቀበሮውን እየው» አይበል። ሕፃኑ ራሱ «ከኋላዋ ነው!» ብሎ ይጩኽ፤ «ኋላ» የሚለውን ቃል ያን ጊዜ በገዛ ፍርሀቱና በገዛ ሳቁ ያገኘዋል።

ወደ አማርኛ እየመለሱ ለሚያነቡ ደግሞ አንድ ጥቅም አለ። እንግሊዝኛው የቦታውን ቃል ከስሙ ያስቀድማል፤ የእኛ ቋንቋ ግን ከስሙ በኋላ ያመጣዋል። እንግዲህ «በቀፎው» ብለው ጥቂት ዝም ቢሉ፣ ልጁ «ሥር!» ብሎ ይፈጽመዋል።